ቁልቁል የሚያድረው ትራክተር

«ድንጋዩን እንዳትነካው ብያለሁ!»

ጥሩብርሃን ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ከትራክተሩ ፊት ቆማለች። ልጇ ልደቱ ከፊት ጎማው ሥር የተወሸቀውን ድንጋይ ሊያወጣ ጎንበስ እንዳለ ቀና ብሎ አያት።

«እማዬ፣ ከፊቱ ተነሽ። ጋሽ ወልደ ሐዋርያት ማሳቸው ላይ ቆመው ይጠብቁናል። ዝናቡ ከቀደመን ዛሬም ሳይታረስላቸው ሊውል ነው።»

«በቁልፍ አስነሳው።»

«በቁልፍ ቢነሳማ ምን ቸገረኝ?»

ከየካ በላይ፣ እንጦጦ ዳገት ላይ፣ አሮጌ ትራክተር አፍንጫውን ቁልቁል አድርጎ ነው የሚያድረው። ጠዋት ድንጋዩ ይነሳል፤ ትራክተሩ ይንደረደራል፤ ነጂው ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን ሲለቅ ሞተሩ ይነሳል። የልደቱ አባት በሕይወት ሳለ ይህን የሚያደርገው ባትሪ ሲደክም ብቻ ነበር። ከፋሲካ ወዲህ ግን የየቀኑ ሥራ ሆነ። ባለፈው ሳምንት ሞተሩም አልነሳ፣ ፍሬኑም አልይዝ ብሎ ትራክተሩ ልደቱን እንደያዘ የቆመው ባሕር ዛፍ ገጭቶ ነው። ከዛፉ በታች ተማሪዎች የሚመላለሱበት መንገድ አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥሩብርሃን እንቅልፍ የላትም።

መካኒኩ ጉተማ ከኮተቤ በታክሲ መጥቶ፣ ዳገቱን በእግሩ ወጥቶ ሲደርስ ያለከልካል።

«ዛሬም አልነሳም?»

«ዛሬም!» አለች ጥሩብርሃን። «ባትሪ ነው አልክ፣ ቀየርን። ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ነው አልክ፣ ወስደህ ሠርተህ መለስክ። አሁን ደግሞ ምን ልትለኝ ነው?»

«እትዬ፣ የቀረው ጠበል ብቻ ነው። ደግሞ የእንጦጦው ቅርብ ነው፣ ውሰዱት።»

«በምን ተነስቶ ይሂድ?»

ልደቱ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ጉተማ ወንበሩ ላይ ወጥቶ ቁልፉን አዞረ። «ቀጭ» አለና ዝም። ደግሞ አዞረ። ቀጭ። መሪውን በመዳፉ መታው።

«አዲስ ባትሪ! የተሠራ ሞተሪኖ! ታዲያ ኃይሉ የት ነው የሚገባው?»

ደጋግሞ ሞከረ። ጥሩብርሃን ከትራክተሩ መራቅ ስላልፈለገች ጎኑን ተደግፋ ነበር። ድንገት እጇን መነጨቀች።

«አቃጠለኝ!»

ጉተማ ዘሎ ወረደ። የነካችው ከባትሪው የሚወርደው ወፍራም ገመድ ከትራክተሩ አካል ጋር የታሰረበትን ብሎን ነበር። በጣቱ ነካ አድርጎ እሱም እጁን ሰበሰበ። ሲበርድ ብሎኑን ፈታው። ከሥሩ ያለው ብረት ደማቅ ቀይ ቀለም ለብሷል።

«ይሄን ማነው የቀባው?»

ልደቱ መሬት መሬት አየ። «እኔ። ለፋሲካ እንዲያምር ብዬ... ሁሉንም ፈትቼ ቀብቼ መልሼ አሰርኩት።»

«አምሮልሃል! ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም እኮ፣ አንተ። እኔም አለሁ፣ ሞተሪኖ ስፈታ ስገጥም ይቺን አንዲት ብሎን ሳላይ!»

ብረቱን እስኪያበራ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገው። ገመዱን መልሶ አጠበቀና ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ጥቁር ጭስ ተፍቶ አጓራ። ልደቱ እልል ሊል ምንም አልቀረው። ጥሩብርሃን ግን፣ «ለዚህ ነው ልጄን ልቀብር የነበረው?» አለችና አይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

የጋሽ ወልደ ሐዋርያት ማሳ ታርሶ ልደቱ የተመለሰው ሲመሻሽ ነው። ትራክተሩን እንደ ልማዱ አፍንጫውን ቁልቁል አድርጎ አቆመና ድንጋዩን ሊወሽቅ ወረደ።

«አዙረው» አለች ጥሩብርሃን።

«ወዴት?»

«ከቤቱ ጀርባ፣ ሜዳው ላይ። አፍንጫውን ወደ ግድግዳው።»

«ጠዋት ባይነሳስ?»

«ቆሞ ይዋላ!»

ልደቱ ትራክተሩን አዙሮ ግድግዳው ጥግ አስጠጋው። እሷ ግን ድንጋዩን በሁለት እጇ አቅፋ ወደ ጓሮ ሄደች፤ ጅብ የሚገባበትን የአጥር ቀዳዳ ደፈነችበት፤ እንዳይነቃነቅም በእግሯ ረግጣ አጠበቀችው።