ሲዲው ላይ የለጠፍኩት ስም

ልጄ ሰሊማ ኮምቦልቻ ላይ ስትዳር እኔ ዐረብ አገር፣ ሺያህ በሚባል ሰፈር የሰው መስኮት እወለውል ነበር። የመኖሪያ ወረቀት የለኝም፤ ከወጣሁ መመለሻ የለኝም። ስለዚህ ሠርጓን በሲዲ እንዲልኩልኝ ለመንኩ። ሲዲውን ከአገር ቤት ይዛ የመጣችው አይዳ የምትባል አዲስ ተቀጣሪ ናት። አብራኝ የምትኖረው ነስሪያ የምታጸዳው አይዳ የተቀጠረችበትን ሕንፃ ስለሆነ፣ ተቀብላ አመጣችልኝ።

"ቦርሳሽ ውስጥ ከቁልፍ ጋር አልከተትሽውም?" አልኳት ገና ሳልቀበላት።

"ኧረ እትዬ ሲቲና፣ እንደ ሙሽራዋ ተሸፋፍኖ ነው የመጣው" ብላ ሳቀች።

እኔ አልሳቅኩም። ክፉ ነገር ሳይመጣ በፊት የሚታየኝ ሰው ነኝ። አንድ ክፍል ተከራይተን የምንኖር ሴቶች ዕቃችን እንዳይቀላቀል ወተቱም፣ ሻምፑውም፣ ኩባያውም ላይ ፕላስተር ለጥፈን ስማችንን እንጽፋለን። ይህን ያስለመድኳቸው እኔ ነኝ። ያን ቀንም ወፍራሙን ቡናማ ፕላስተር ቆርጬ ሲዲው ላይ በአንድ ጎን ለጠፍኩና "ሲቲና" ብዬ ጻፍኩበት። ከዚያ ገልብጬ፣ ማዳሜ ቤት መስታወት እንደማጸዳው፣ የመስታወት ማጽጃ ረጭቼ በጨርቅ ክብ እየሠራሁ ወለወልኩት። አብረቀረቀ።

እሑድ ሁላችንም ስናርፍ የክፍላችን ልጅ የትግስት ላፕቶፕ ፊት ተሰበሰብን። አሠሪዋ አዲስ ስትገዛ የሰጠቻት አሮጌ ላፕቶፕ ነው። ሲዲው እንደ ጁስ መፍጫ እያጓራ መዞር ጀመረ። ድንኳኑ ታየ፤ ከዚያ ቆመ። ወንድሜ አሕመዲን እጁን ለሰላምታ እንደዘረጋ ደርቆ ቀረ። ትንሽ ሄደ፤ እንደገና ቆመ።

"ያላ፣ አይዞህ የኔ ጌታ!" እያለች ትግስት ላፕቶፑን እንደ ሕፃን ታሻሸዋለች።

ሙሽራዋ ልትወጣ የበሩ መጋረጃ ሲነካ ምስሉ ጭራሽ አልንቀሳቀስ አለ።

ለምን እዚህ ቦታ ላይ? ታማ ነበር? ስታለቅስ እንዳላይ ሆን ብለው አጥፍተውት ይሆን? በስልክ "ደህና ነኝ እማዬ" ትለኛለች፤ ደህና ያልሆነ ሰውም የሚለው ይህንኑ ነው። የዚያን ቀን ፊቷን ካላየሁ እንቅልፍ እንደማይወስደኝ አወቅሁ። ሲዲውን አውጥቼ ወደ መብራቱ አዘነበልኩት። ክብ ክብ የሠራ ጭረት ሞልቶታል።

"ነስሪያ፣ ምን አድርገሽው ነው?"

"እኔ? ምንም።"

"ለወሬ ብለሽ ከፍተሽ አይተሽዋል!"

"በምን ልየው? በመጥበሻ?"

ሴቶቹ ሳቁ። ሳቃቸው አንጨረጨረኝ።

"የራስሽ ልጅ ስለሌለሽ የሌላው ልጅ ነገር አይገባሽም!" አልኳት።

ሳቁ በአንዴ ጠፋ። ነስሪያ ልጅ አልወለድሽም ተብላ ከባሏ ቤት መውጣቷን ሁላችንም እናውቃለን። ሻርፗን ተከናነበች፣ "ኸላስ፣ በቃ" አለች፤ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ኦዛይ የሚባለው ሰፈር፣ ጀሚላ የምትባል ጓደኛዋ ዘንድ ሄደች።

በማግስቱ ከሥራ ቀደም ብዬ ወጥቼ ሲዲውንና ላፕቶፑን ጠሪቅ ኤል ጅዲዴ የሚባል ሰፈር፣ የኮምፒውተር ጠጋኝ ዘንድ ወሰድኩ። መንገዱን ሙሉ አንድ ፖሊስ አስቁሞ "ይሄን ከየት ሰረቅሽ?" ሲለኝ ይታየኝ ነበር። ጠጋኙ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ሽማግሌ ነው። ሲዲውን አስገብቶ ጓጓታውን ሰማና ወዲያው አወጣው።

"ማሽኑ አልሞተም፣ እኅቴ። ይሄ ፕላስተር ነው። በአንድ ጎን ስለከበደው ሲዲው ሲሽከረከር ይንገዳገዳል። ሲንገዳገድ ማሽኑ ማንበብ ያቅተውና ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። የሳትኩትን ልድገም እያለ እዚያው ይዳክራል ማለት ነው፣ ያኒ።" ፕላስተሩ ላይ ያለውን ፊደል በጣቱ ነካ። "ይሄ ምንድን ነው የሚለው?"

"የሰው ስም ነው።"

"የማን?"

"የአንዲት ሴት" አልኩት። ፊቴ ጋለ።

ገልብጦ አየውና ራሱን ነቀነቀ። "ይቺው ሴት ናት የወለወለችው? ሲዲ እንደ ሰሃን አይታሽም! ፊልሙ ዙሪያውን እየዞረ ነው የተጻፈው፤ ክብ ጭረት ረጅሙን መስመር ያበላሻል። ከመካከል ወደ ዳር፣ ቀጥ አድርጎ ነው፤ በለስላሳ ጨርቅ። ንገሪያት።"

"እነግራታለሁ።"

ፕላስተሩን ጠርዙን ይዞ ቀስ ብሎ ሲልጥ ትንፋሼን ያዝኩ። "ተራው ሲዲ ቢሆን ምስሉ ከፕላስተሩ ጋር ተልጦ ይመጣ ነበር። ዲቪዲ ስለሆነ ተርፏል፤ ፊልሙ የተጻፈው በሁለት ፕላስቲክ መካከል ነው" አለ። ሙጫውን ጠረገ፣ የላፕቶፑን የሲዲ መሳቢያ ስቦ ትንሿን ሌንስ ከአቧራ አጸዳ። ሲዲውን መልሶ ሲያስገባው ጩኸቱ የለም። "አሁን ፊልሙን ላፕቶፑ ውስጥ እቀዳዋለሁ። የተጫረው ቦታ ላይ ያዘግማል፣ ግን ይጨርሳል። ከዚያ በኋላ ሲዲውን አትፈልጊውም።"

ቀድቶ ሲጨርስ ሊያሳየኝ ከፈተው። አሕመዲን እጁን ዘረጋ፤ ሰላምታ ሰጠ፤ አለፈ። ድንኳኑ አለፈ። መጋረጃው ተነሣ።

በመዳፌ ስክሪኑን ሸፈንኩት። "ይበቃል፣ ዝጋው!"

"ምን ሆንሽ? ይሠራል እኮ!"

እንዴት ብዬ ልንገረው? አስር ጊዜ በሐሳቤ የገደልኳት ልጅ እዚያ መጋረጃ ውስጥ ቆማለች፤ እኔ ግን በነስሪያ ላይ የተናገርኩትን አፌ ውስጥ ይዤ ፊቷን ማየት አፈርኩ። ሒሳቡን ከፍዬ ላፕቶፑንና ፕላስተሩን ከጠረጴዛው ላይ አንስቼ ወጣሁ።

ኦዛይ ስደርስ በሩን የከፈተችልኝ ጀሚላ ናት። ነስሪያ ለሰላጣ የሚሆን የፓርስሊ ቅጠል እየከተፈች ነበር፤ ቀና አላለችም።

"ሲዲ ጫሪዋን ፈልገሽ ነው? ይኸው እዚህ ናት፤ ቢላም ይዛለች" አለች ነስሪያ።

ፕላስተሩን ፊቷ አስቀመጥኩት። አነበበችው። ልናገር ስል አውሮፕላን ጣሪያውን ሊነካ ትንሽ ቀርቶት አለፈ፤ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ሲያልፍ ሁሉንም ነገርኳት፤ ፕላስተሩን፣ ውልወላውን፣ ለሽማግሌው "የአንዲት ሴት" ማለቴን።

"የሲዲውስ ይቅር" አለች። "የከበደኝ የሌላው ነው።"

"አውቃለሁ።"

"ሁሉም ፊት ነው ያልሽኝ።"

"ሁሉም ፊት ይቅርታ እላለሁ።"

"ይሄንንም ግንባርሽ ላይ ለጥፈሽ ትገቢያለሽ።"

ፕላስተሩን አነሣሁ። ከልቤ ነበር። ጀሚላ አፏን በእጇ ያዘች።

"ውይ፣ ተይ!" ነስሪያ ቀማችኝ። "አንቺማ ታደርጊዋለሽ!"

ማታ ለእራት ስንገናኝ፣ ማንም ሳይቀመጥ፣ ቆሜ ተናገርኩ። ድምፄ ተቆራረጠ። ማንም አልረዳኝም፤ ነስሪያም አልረዳችኝም። ስጨርስ ብቻ "ያላ፣ ሙሽራዋ ቆማ ደከማት" አለች።

ትግስት ፊልሙን ከፈተች። ሳይንተባተብ ሄደ። መጋረጃው ተነሣና ቤቱ በእልልታ ተሞላ። እኔ ግን አንገቴን ደፍቼ ምንጣፉን ነበር የማየው። ነስሪያ ፓርስሊ በሚሸት እጇ አገጬን ይዛ ወደ ስክሪኑ አዞረችኝ።

"እዪ እንጂ! እየሳቀች ነው።"