የነጎድጓድ ጥሬ ቅጂዎች

ወንድሟ በሞተ በወሩ እናታቸው ከመቀስ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የልጇን ድምፅ።

መቀስ እናቷ ያወጣችላት ስም አይደለም። ወንድሟ ነው ሥራ ቦታ የለጠፈባት። ሁለቱም ለዓይነ ስውራን መጻሕፍት በድምፅ በሚቀረጹበት ቤት ይሠሩ ነበር። እሱ ያነባል፤ እሷ ደግሞ የሳለውን፣ የተሳሳተውን፣ ገጽ ሲገልጥ ያንኮሻኮሸውን ሁሉ ከቅጂው ላይ እየቆረጠች ታስተካክላለች። እሱን፣ ድምፁ ከደረቱ ሥር ስለሚመጣ፣ ነጎድጓድ ይሉት ነበር። ነጎድጓድ በሳንባው ታሞ ሲሞት የመጨረሻ መጽሐፉ፣ አንድ የንብ ርባታ መማሪያ፣ ከግማሽ ትንሽ አልፎ ቆመ።

«ድምፅማ ሞልቷል» ብላ ያለቀለት መጽሐፍ በስልኳ ጭና ለእናቷ ወሰደችላት። እናትየው ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ጥቂት ሰማችና መለሰችላት።

«ይሄ የሬዲዮ ሰውዬ ነው» አለች።

«እማዬ፣ እሱ ራሱ እኮ ነው!»

«የኔ ልጅ ሁለት ቃል ተናግሮ ጉሮሮውን ሳይጠርግ ሦስተኛውን አይልም። ይሄ አንዴም አልጠረገ። የኔን ልጅ አምጪልኝ።»

የጉሮሮውን ጠረጋ ቆርጣ የጣለችው ራሷ መቀስ ናት፤ ሥራዋ ነው።

ያልተቆረጠው፣ በመሥሪያ ቤቱ አጠራር ጥሬ ቅጂ የሚባለው፣ መጽሐፉ እንዳለቀ ይደመሰሳል። የንቡ መጽሐፍ ግን ስላላለቀ ጥሬው ገና ስቱዲዮው አሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ አለ። በማግስቱ ይህንኑ ልትቀዳ በጠዋት ስትገባ ሥራ አስኪያጇን ኮምፒውተሩ አጠገብ ቆመው አገኘቻቸው።

«ይሄ ማሽን ዛሬ ይወጣል» አሏት። «ውስጡ ተጠርጎ ለሥልጠና ክፍል ይሰጣል። መኪናው ከምሳ በፊት ይመጣል።»

«የወንድሜ የንብ መጽሐፍስ?»

«አዲስ አንባቢ ተገኝቷል፤ ከሀ ጀምሮ ያነበዋል። ግማሹ በአንድ ድምፅ ግማሹ በሌላ ሲሆን አድማጭ ግራ እንደሚገባው ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የምትፈልጊው ካለ ግን ውሰጂ። እኔ አላየሁም።»

መቀስ ፍላሿን ሰክታ ምዕራፎቹን በሙሉ መርጣ ላከቻቸው። ኮምፒውተሩ ጥቂት አሰበና ቦታ አይበቃም አላት። ፍላሹ የድሮ፣ ሆደ ጠባብ ነበር፤ የራሷ ላፕቶፕም በሌሎች ቅጂዎች ሞልቶ ከአንድ ምዕራፍ በላይ አይችልም። እንደዚያ እንደ ተቀመጠች ቴክኒሻኑ ሊጠርግ መጣ። ይህ ሰው ቻርጀር የሚባለው የሰው ቻርጀር ተውሶ መመለስ ስለማያውቅ ነው።

«ሌላ ፍላሽ የለህም?» አለችው።

«አለኝ። ቤት።»

«ዕቃ ቤትስ?»

«የዕቃ ቤቱ ሰውዬ ዕረፍት ወጥቷል። ቁልፉም አብሮት ዕረፍት ላይ ነው።»

አልሳቀችም። ቻርጀር ስክሪኑን አየና የማንን ድምፅ ልታወጣ እንደምትታገል ገባው። ከነጎድጓድ ሬሳ ተሸካሚዎች አንዱ እሱ ነበር። ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ።

«እንጨምቀዋለን» አላት።

«እንቆርጠዋለን ነው የምትለው?»

«መቁረጥ ያንቺ ሥራ ነው። እኔ መጭመቅ ነው ያልኩት። ብርድ ልብስ ሻንጣ አልገባ ሲል ተጭነሽ ታስገቢው የለ? ስታወጪው ያው ብርድ ልብስ ነው።»

«አንድ ክር ሳይጎድል?»

«አንድ ክር ሳይጎድል።»

አንድ ጥቁር ገጽ ከፈተላት። ሥዕል የለው፣ የሚነካ ቁልፍ የለው፤ ብልጭ ድርግም የምትል አንዲት ምልክት ብቻ። እዚህ ማውዝ ሥራ ፈት ነው፤ የምትፈልገውን ትጽፍለታለች፣ እሱም ይሠራል። የሚጨምቀው ትእዛዝ ጂዚፕ ይባላል። ጂዚፕ ብላ ትጽፋለች፣ የፋይሉን ስም ታስከትላለች፣ ኢንተር ትመታለች። ይህንን ነግሯት ስልኩ ጠራና ወደ ኮሪደር ወጣ።

መቀስ በአንድ ጣት እየለቀመች ምዕራፍ አንድን ጻፈችና ኢንተር መታች። ጥቁሩ ገጽ ጥቂት ቆይቶ ያችኑ ብልጭ ድርግሟን መለሰላት። ፋይሎቹ ያሉበትን ቦታ ብትከፍት ምዕራፍ አንድ የለም። በቦታው ስሙ ላይ አንድ ጅራት የተቀጠለበት፣ ብትነካውም የማይከፈት ሌላ ነገር ተቀምጧል።

«ቻርጀር! በላው! ምዕራፍ አንድን በላው!»

ቻርጀር ስልኩን ሳይዘጋ ሮጦ ገባ፤ አየና ሳቀ።

«አልበላውም፣ ውጦታል። ጂዚፕ ጨምቆ ሲጨርስ ዋናውን ያነሳዋል፤ የሚቀረው የተጨመቀው ነው። ነግሬሽ ነበር።»

«አልነገርከኝም!»

«ልነግርሽ ነበር። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ሲባል አልሰማሽም? ዋናው እንዲቀር ከፈለግሽ ሰረዝ ኬ ጨምሪበት። ሰረዝ ቪ ካልሽው ደግሞ ምን እንደ ሠራ ይነግርሻል፤ አለዚያ አፉ አይከፈትም።»

ከዚያ በሰረዝ ዲ እንዴት እንደሚፈታ አሳያት። ምዕራፍ አንድ እንደ ነበረ ተመልሶ መጣ። የመቀስም ልብ ወደ ቦታው ተመለሰ።

አሁን ሁለቱን ሰረዞች ጨምራ ምዕራፍ በምዕራፍ መጨመቅ ጀመረች፤ ያለቀውን ወደ ፍላሹ ታሻግራለች። ትእዛዙ በእያንዳንዱ ስም አጠገብ ፋይሉ ስንት በመቶ እንደ ቀነሰ ይጽፍላታል። የመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ከመቶ አሥራ አምስት እንኳ አልሞሉም። በዚህ አያያዝ ፍላሹ ከመጨረሻዎቹ ምዕራፎች በፊት እንደሚሞላ ሂሳብ ማወቅ አያስፈልግም። ውጭ መኪና ሲቆም ሰማች።

መሀል ላይ ግን ቁጥሩ ከፍ አለ። ሃያ ሦስት አለ። ቀጥሎ ሠላሳ። የመጨረሻው ምዕራፍ ከግማሽ በላይ ቀነሰ።

«ተሳሳተ እንዴ?» አለች።

ቻርጀር ጎንበስ ብሎ አየ። «እነዚህ አጫጭር ናቸው?»

«እንዲያውም ረዣዥሞቹ እነሱ ናቸው።»

«እንግዲያው ውስጣቸው ባዶ አለ። የናንተ ስቱዲዮ፣ ሰው ካልተናገረ፣ ባዶ ነው የሚጽፈው። ንግግር አይጨመቅም፣ ያስቸግራል። ዝምታ ግን ለጂዚፕ ምኑም አይደለች፤ ‹እዚህ ጋ ይህን ያህል ዝምታ አለ› ብሎ ያልፋታል።»

ያለውን የሰማው ከተናገረው በኋላ ነው። አንገቱን አከከና ገመድ የሚፈታ መስሎ ወደ ጠረጴዛው ሥር ገባ።

መቀስ ቁጥሮቹን ከላይ ወደ ታች አየቻቸው። ዝምታዎቹን ታውቃቸዋለች። መጀመሪያ ገጹን በአንድ ትንፋሽ ይወጣው ነበር፤ ኋላ አንቀጽ፣ ኋላ ዓረፍተ ነገር፣ በመጨረሻ ግማሽ ዓረፍተ ነገር አንብቦ ከመስታወቱ ማዶ እጁን ከፍ ያደርግና፣ ትንፋሹ እስኪመለስ፣ ጠብቂኝ ይላታል። ትጠብቀው ነበር። ሁሉንም ግን አንድ ባንድ ነበር የጠበቀችው። ተሰልፈው አይታቸው አታውቅም። የወንድሟ ሕመም በመቶኛ ተሰልቶ በነጭ ፊደል ተጽፏል።

«ይገባሉ?» አለችው ጠረጴዛው ሥር ላለው ሰውዬ።

ቻርጀር ብቅ ብሎ የፍላሹን ቦታ አየ። «ይገባሉ። ለጥቂት።»

ሁሉም ገቡ። ቻርጀር ሰረዝ ቲ የምትባለው መፈተሻ እንደ ሆነች ነገራትና ጻፈች። ጥቁሩ ገጽ ምንም ሳይል ብልጭ ድርግሙን ቀጠለ።

«ምን አለ?»

«ምንም።»

«ምንም ማለት?»

«ደህና ነው ማለት ነዋ። ጂዚፕ የሚጮኸው ነገር ሲበላሽ ነው።»

«ደህና ሲሆን ዝም የሚል ምን ዓይነት ፍጥረት ነው!»

«አማቴን እንዲህ ባደረገልኝ» አለ ቻርጀር።

ሥራ አስኪያጇ ከሾፌሩ ጋር በር ላይ ደረሱ። «ጨረሳችሁ?»

«አንዱን ፈትቼ በጆሮዬ ሳልሰማ ማሽኑ አይጠረግም» አለች መቀስ። ለአለቃ እንዲህ ተናግራ አታውቅም። ፍላሹን በራሷ ላፕቶፕ ላይ ሰክታ የመጨረሻውን ምዕራፍ ገለበጠች፤ በሰረዝ ዲ ፈታችና ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«የቀፎው ክዳን» አለ ነጎድጓድ። ከዚያ ጸጥ አለ።

ሁሉም ጠበቁ። ጸጥታው ረዘመ። ቻርጀር ፊቱ ተለወጠ።

«ተበላሽቷል መሰለኝ» አሉ ሥራ አስኪያጇ በቀስታ።

መቀስ በጣቷ ስክሪኑን አሳየቻቸው። ሰከንዱ እየቆጠረ ነው።

«በደንብ መገጠሙን ያረጋግጡ» አለ ነጎድጓድ፤ ጉሮሮውንም ጠረገ።

ሥራ አስኪያጇ አንገታቸውን ደፍተው ወደ ኮሪደሩ ተመለሱ። መቀስ ወደ ቻርጀር ዞረች።

«በል ጥረገው» አለችው።

ከሥራ ስትወጣ በቀጥታ እናቷ ዘንድ ሄደች። ላፕቶፑን እናቷ ጋደም ያለችበት አልጋ ጫፍ ላይ አስቀምጣ ጥቁሩን ገጽ ከፈተች።

«ይሄ ጥቁር ነገር ምንድን ነው?» አለች እናቷ።

«ታሽጎ ነው የመጣው፤ እየፈታሁት ነው። ከየትኛው ልጀምርልሽ? መጀመሪያው ላይ ድምፁ እንዴት እንደሚያምር!»

«ከመጨረሻው።»

«እማዬ፣ እዚያ ላይ ደክሞታል። ብዙ ዝም ይላል። ካልሽ ዝም ዝም ያለውን ላውጣልሽና…»

«እጅሽን ሰብስቢ።»

መቀስ እጇን ሰበሰበች። ነጎድጓድ አንድ መስመር አነበበ፤ ጉሮሮውን ጠረገ። እናቱ አልጋው ላይ ቀና አለች። ስለ ክዳኑ ተናገረ፣ ስለ ጭሱ ጀመረ፣ መሀል ላይ ጸጥ አለ። መቀስ እናቷን ማየት ፈርታ መሬት መሬት አየች።

«አይዞህ» አለች እናቷ። ለላፕቶፑ ነው የምትናገረው። «ቀስ በል። ማንም አያሳድድህም።»

ነጎድጓድ ትንፋሹ ተመለሰለትና ጭሱ በዝቶ ንቦቹን እንዳይጎዳ አስጠነቀቀ። ሲደክመውም እንደ ገና ዝም አለ።

«አይዞህ፣ ልጄ።»

ምዕራፉ እስኪያልቅ እንዲህ ተቀባበሉ፤ እሱ ስለ ንቦቹ፣ እሷ አይዞህ።