ከባሬላው በስተኋላ

በሆሳዕና ዳርቻ በሚሠራው ሕንፃ ላይ ከሚውሉት ሴቶች ሁሉ «ድንጋይ» የሚለው ቃል ከአፏ የማይወጣ ገነቴ ብቻ ነበረች። ቀኑን ሙሉ ስትሸከመው ትውላለች፤ ስሙን ግን አትጠራም። የባሏ አባት አቶ ድንጋሞ ይባላሉና። በከምባታ ደንብ ምራት የባሏን አባት ስም አታነሣም፤ በስማቸው መነሻ የሚጀምረውንም ቃል በሌላ ትተካዋለች። የዛሬ ልጆች ይኼን ደንብ ከረሱት ቆይተዋል። የሚጠብቁትም ቢሆኑ ለቤት ቋንቋቸው እንጂ ለአማርኛ ማን ይጨነቃል? ገነቴ ግን ነገር ማብዛት ትወዳለች። «ድንጋይ» ማለት ሲመጣባት «ጠንካራው» ትላለች።

«ጠንካራውን አቀብሉኝ» ስትል ግንበኞቹ በሳቅ ፍርስ ይላሉ። ቃሉን ያወጣችው ራሷ ናት፤ ቢያንስ እሷ የምታስበው እንደዚያ ነው። መጀመሪያ ቤት ውስጥ የተናገረችው ቀን የባሏ እናት ሥራቸውን አቁመው ረጅም ጊዜ አይተዋት ነበር። በጨዋነቷ የተደሰቱ መስሏት እሷም ደስ አላት፤ ምስኪን።

ሥራዋ ባሬላ ነው። ሁለት ሴቶች አንዷ ከፊት አንዷ ከኋላ እጀታውን ይዘው ድንጋዩንም አርማታውንም ወደ ላይ የሚያወጡበት የእንጨት መሸከሚያ። ከፊት ገነቴ፣ ከኋላ ጓደኛዋ ሀናን። መወጣጫው ከባሕር ዛፍ የተረበረበ ጠባብ መንገድ ስለሆነ ከፊት ያለችው ዞር ብላ ማየት አትችልም።

ገነቴ ነፍሰ ጡር ነበረች። በስድስት ዓመት ትዳር የመጀመሪያዋ ነው፤ ስንት ተጸልዮበት፣ ስንት ተለቅሶበት። ሆዷን በባሏ ሰፊ ጃኬት ትሸፍነዋለች። የጤና ጣቢያዋ ነርስ «ከባድ ማንሳት፣ ከፍታ መውጣት ከዛሬ ጀምሮ የለም» ብላታለች። ባሏ ታዴዎስ የአይሱዙ ረዳት ነው፤ ከመንገድ በደወለ ቁጥር «በቃ ተይው» ይላታል። ለሁሉም መልሷ «እሺ» ነው። እሺ ለማለት ማን ሰነፈ! በልቧ ግን መጀመሪያ «መሠረቱ ይለቅና» አለች፤ መሠረቱ አለቀ። ቀጥላ «የምድር ቤቱ ግድግዳ ይለቅና» አለች። አሁን ደግሞ «ሶሌታው ይሞላና» ላይ ደርሳለች። የፎቁ ወለል እስኪሞላ የቆየች ሠራተኛ ለሚቀጥለውም ሕንፃ ትፈለጋለች፤ ቀድማ የወጣችውን ግን በር ላይ ተሰልፈው ከሚጠብቁት አንዷ ትተካታለች። እውነቱን ለመናገር ልጁንም ሥራውንም ማጣት ትፈራለች፤ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግን ይበልጥ ትፈራለች።

ጭጋግ ከተማውን በዋጠበት አንድ ጠዋት፣ መወጣጫው መሃል ላይ ሳሉ ከኋላዋ የሴት ድምፅ ሰማች።

«ጠንካራው ይብቃሽ።»

ገነቴ ሀናን የቀለደች መስሏት ሳቀች። ላይ ደርሰው ባሬላውን ሲያሳርፉ «አንቺ ደግሞ ቃሌን ወሰድሽው አይደል!» አለቻት።

ሀናን ግራ ገብቷት አየቻት። «የምን ቃል? ትንፋሼ ተቆርጦ ነው እኮ የወጣሁት። ምን ጭነውብን ነው ዛሬ እንዲህ የከበደን?»

ገነቴ ባሬላውን አየችው። የተጫነው ከወትሮው ያነሰ ነበር።

በሚቀጥለው ዙር ባሰ። ድንጋይ ሲከብድ ዝም ብሎ ነው የሚከብደው፤ ይኼ ግን ሰው የተኛበት ይመስል መሃሉ ላይ ይወዛወዝና ወደ ታች ይጎትታታል። ድምፁም ተመልሶ መጣ፤ አሁን ጆሮዋ ሥር።

«እኔም ይለቅና ብዬ ነበር።»

ገነቴ «ይለቅና»ን በልቧ እንጂ ለማንም ተናግራው አታውቅም።

ቤቷ ስትደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። በአንድ ግቢ የሚኖሩት የባሏ እናት ቆጮ እየከተፉ ነበር።

«እማዬ፣ ከእኔ በፊት ‹ጠንካራው› የሚል ሰው በዚህ ቤት ነበረ?»

ቢላዋው ቆመ።

«ርብቃ» አሉ። ርብቃ የትልቁ ልጃቸው የኃይለመለኮት ሚስት ነበረች፤ ገነቴ ወደዚህ ቤት ሳትመጣ የሞተች። ግቢው ውስጥ ስሟ አይነሣም። «እንዳንቺው አማርኛውን ሳይቀር ትጠነቀቅ ነበር። ያን ቃል ካንቺ አፍ ስሰማ እሷ የተመለሰች መስሎኝ ነው የደነገጥኩት።»

«ምን ሆና ነው የሞተችው?»

«የትምህርት ቤት ግንብ ሲሠራ ትሸከም ነበር። ሆዷ ገፍቷል፤ አይቻለሁ። ምራቴን ሥራሽን ተዪ ማለት ከበደኝ። ነገ ትተወዋለች፣ ከነገ ወዲያ ትተወዋለች እያልኩ ዝም አልኩ። ከመወጣጫው ወደቀች። ወደ ቤት ያመጡልኝ በዚያው በምትሸከምበት ባሬላ ነው።» እንባቸውን በክንዳቸው ጠረጉ። ከዚያ ዓይናቸው ሰፊው ጃኬት ላይ አረፈ። «ስለ እሷ ማን ነገረሽ?»

ገነቴ ጃኬቱን ይበልጥ ሰብሰብ አደረገች። እሳቸውም አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈት አድርገው መልሰው ዘጉት።

ታዲያ ገነቴ በነጋታው ሥራ ገባች ብላችሁ ታምናላችሁ? ገባች። ሶሌታው የሚሞላው ያን ዕለት ነበራ። ፎርማኑ አሳምነው «ዛሬን ብቻ ጠንከር በሉ» አለ፤ እሷም ለራሷ «ዛሬን ብቻ» አለች።

አርማታው ተጭኖ መወጣጫውን ሲያጋምሱ ባሬላው ቁልቁል ተጎተተ። እንጨቱ ጮኸ። ሆዷ ደረቀባት። ድምፁ አሁን አልተናገረም። አንዲት ሴት፣ ሀናን ያልሆነች፣ በጣም ተጠግታ ትተነፍሳለች። ገነቴን ፍርሃት ያዛት። ርብቃ ልጇን ሆዷ ውስጥ እንደያዘች ነው የሄደችው። ታዲያ አሁን በገነቴ ሆድ ላለው ልጅ እያዘነችለት ነው ወይስ እየተመኘችው? መልሱን ቆማ ልትጠብቅ አልፈለገችም።

«ሀናን፣ አሳርፊ።»

«እዚህ? መሃል ላይ?»

«እዚህ። አርግዣለሁ። ከዚህ በኋላ አንዲት እርምጃ አልሸከምም።»

«ያ ረቢ! ታዲያ እስከ ዛሬ ምን ነክቶሽ ነው የምትወጪ የምትወርጂው?» አለች ሀናን፤ ከቁጣዋ ይልቅ ድንጋጤዋ ይበልጥ ነበር። ክንዷን ይዛ ቀስ እያደረገች አወረደቻት። አሳምነው ከላይ ሲጮህ ሁለቱም ቀና ብለው አላዩትም።

በር ላይ ከተሰለፉት አንዷ ወዲያው ተጠርታ የፊቱን እጀታ ያዘች። ሀናን ተመልሳ «ትከብዳለች፣ ተጠንቀቂ» አለቻት። ገነቴ ግቢውን ልትወጣ ስትል የአዲሷ ሴት ሳቅ ተሰማ፤ «ይቺ ናት የከበደቻችሁ? ይቺማ ምንም አትከብድም!»

ገነቴ ቆም አለች። ባሬላው ላይ የነበረው ከሌለ፣ የት ሄደ? ዞራ አላየችም። እስከ ሰፈሯ ድረስ ከኋላዋ የሚጎተት እርምጃ እየሰማች፣ ስትቆም እየቆመ፣ ስትሄድ እየሄደ፣ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ተጓዘች።

የባሏ እናት በሩን ከፍተው ቆመው ነበር። ገነቴ «ተውኩት እማዬ» አለችና አልፋቸው ገባች። እሳቸው ግን በሩን አልዘጉትም። ባዶውን መንገድ ትኩር ብለው አዩ።

«ያኔ ሳልነግርሽ ቀረሁ» አሉ። «ይብቃሽ፣ ርብቃ። ግቢ ልጄ፣ ግቢና እረፊ።»

ከደጃፉ ወደ ጎን ፈቀቅ ብለው መንገድ ለቀቁ። ጥቂት ቆይተው በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት።