ቦንዳው ቀጥ ብሎ ያለፈበት በር

እቴቴ ሀስና መጋረጃ በሚቆርጡበት ጠረጴዛ ላይ ላፕቶፕ ከተቀመጠ ወዲህ መቀሱን እንኳ የሚያነሱት በፍርሃት ነው። የሆነ ነገር ነክተው የሚያፈነዱት ይመስላቸዋል። ዛሬ ግን ስፌቱን ትተው ከልጅ ልጃቸው ከማሂራ ጀርባ ቆመዋል። መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ ወደ ላይ ወደ ታች እያደረጉ ጥቁሩን ስክሪን ያያሉ። በጥቁሩ ላይ ነጭ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ መስመሮች አሉ። ማሂራ፣ ይሄ በር ነው ብላቸዋለች።

በሩ የጋሽ ጁነዲን ነው፤ ፊት ለፊታቸው ብርድ ልብስ በጅምላ የሚሸጠው ጎረቤታቸው። የእንጨት በሩ ስለበሰበሰ በላሜራ ሊያስቀይረው ለሙናዊር ብረታ ብረት ቤት ሥራውን ሰጥቷል። ሙናዊር ኮምፒውተር ላይ የተሳለውን መስመር እየተከተለ ብረት የሚቆርጥ ማሽን አለው። የሚስልለት ሰው ፈልጎ ማሂራን ለአንድ ወር ሙከራ ያዛት። ወሩ ዛሬ ያልቃል። ማሂራ ከልኬት እስከ መጨረሻው መስመር ብቻዋን የሠራችው የመጀመሪያ ሥራ ይሄ በር ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይቆረጣል።

«ላሜራው ከተበላሸ ከአያትሽ ጋር መጋረጃ ስትሰፊ እንገናኛለን» ብሏታል ሙናዊር ትናንት።

እሱስ እየሳቀ ነው ያለው። እቴቴ ግን እውነት መስሏቸዋል።

«በሩ ለምን እንዲህ አነሰ?» አሉ። «በዚህ ድመት አያልፍም።»

«አላነሰም እቴቴ። ራቅ ብለው ስላዩት ነው።» ማሂራ የማውሷን ጎማ ስታሽከረክር በሩ እያደገ መጣና አንዱ ማጠፊያ ብቻ ስክሪኑን ሞላው። እቴቴ ወደ ኋላቸው አፈገፈጉ። «ዙም ይባላል። የቀረብነው እኛ ነን፤ በሩ ንቅንቅ አላለም። እዚህ ውስጥ አንድ ሜትር ያው አንድ ሜትር ነው። ወረቀት ላይ ስናትመው ብቻ ነው አሳንሰን በስኬል የምናወጣው።»

«ጉድ ነው። ታዲያ ወርዱ ስንት ነው?»

«አንድ ሺህ ሃምሳ።»

«ያ አላህ! በር ነው ወይስ አደባባይ?»

«ሚሊሜትር ነው እቴቴ! ገና ስንጀምር መለኪያውን እንመርጣለን፤ ዩኒት ነው የምንለው። ብረት ቤት በሚሊሜትር ነው የሚያወራው። አንድ ሜትር ከአምስት ሳንቲ ማለት ነው።»

እቴቴ ትንሽ ተነፈሱ። ስድስተኛ ክፍል ድረስ ተምረዋል፤ ሂሳብ አይፈሩም። «ቀለሙስ? ለጌጥ ነው?»

«ሌየር ናቸው። እንደ ስስ ወረቀት ተደራርበው ነው ያሉት። ቀዩ የሚቆረጠው ነው፣ አረንጓዴው የሚታጠፈው፣ ነጩ ልኬቱ።» አንድ ቦታ ስትነካ አረንጓዴው ድርግም ብሎ ጠፋ።

«አጠፋሽው!» እቴቴ ደረታቸውን ያዙ።

«ደበቅኩት እንጂ አለ። ይኸው።» ተመለሰ።

«እንዲህ በይኝ እንጂ። ሽፋኑን ለብቻ፣ ገበሩን ለብቻ ማለት ነው።» ወንበር ስበው ተቀመጡ። ማውሱ ወደ በሩ ጥግ ሲጠጋ አንዲት ትንሽ አራት ማዕዘን ብልጭ አለች። «እሷስ ምንድን ናት?»

«ስናፕ ነው። እጄ ቢንቀጠቀጥም መስመሩ ጫፉን ራሱ ፈልጎ ይይዛል።»

«ለእኔ መርፌ ክር ማስገቢያ በሆነ!» አሉና ሳቁ። ሳቃቸው ግን ቶሎ ተቆረጠ። «ማሂራ፣ የጁነዲንን የብርድ ልብስ ቦንዳ ከበሩ ሥር ሳዪልኝ።»

«ቦንዳ? ለምን?»

«ባዶውን በር አላምነውም። የማውቀው ነገር አጠገቡ ልይ። ወርዱ አንድ ሜትር ልክ ነው፤ ሸራውን የምሰፋለት እኔ ነኝ።»

ማሂራ ሰዓቷን አየች። ሰባት ተኩል አልፏል። እንቢ ብትል እንደማይተዋት ታውቃለችና አራት ማዕዘን ስላ ይዛ ወደ በሩ አስገባችው። ቦንዳው በግራም በቀኝም ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተርፎት ቀጥ ብሎ ቆመ።

ልክ ያኔ ከውጭ ድምፅ መጣ። ሁለት ወዛደሮች የጋሽ ጁነዲንን ቦንዳ ተሸክመው አሮጌው የእንጨት በር ላይ ቆመዋል። «ዘንበል! ኧረ ዘንበል አርገው! በሩ ጠባብ መሆኑን ረሳኸው እንዴ?»

እቴቴ አንዴ ወደ ውጭ አንዴ ወደ ስክሪኑ አዩ።

«ማሂራዬ፣ ያንቺ ቦንዳ ሳይዘነበል ገባ።»

«አዎ።»

«እዚያኛው አይገባም እኮ።»

ማሂራ ስክሪኑ ላይ ያለውን ወርድ ደግማ አነበበች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «እኔ ያነበብኩት አንድ ሜትር ከአምስት ነው» አለች። «በእርስዎ ሜትር። ትናንት ቁመቱን እንደለካሁ የብረት ሜትሩን የሥራ ባልደረባዬ ስለወሰደው፣ የሜትርዎን ጫፍ እርስዎ ያዙልኝ፣ እኔ በዚያ በኩል አነበብኩ።»

የእቴቴ እጅ አንገታቸው ላይ ወደተንጠለጠለው የልብስ ሰፊ ሜትር ሄደ። ጫፉ ከተቦጨቀ ዓመታት አልፈውታል። ስለዚህ ሁሌም ከአሥር ሳንቲ ላይ ይዘው ይለኩና ከመጨረሻው ቁጥር አሥር ይቀንሳሉ። እጃቸው ለምዶታል። ማሂራ እዚሁ ሱቅ ብታድግም አታውቀውም፤ ቁጥሩን ሁሌ የሚጠሩት እሳቸው ራሳቸው፣ ቀንሰው ነውና። ትናንትም እጃቸው ከአሥር ላይ ያዘ። ቁጥሩን የጠራችው ግን ማሂራ ነበረች።

«እኔ ነኝ» አሉ ሜትሩን ከአንገታቸው አውርደው። «እኔ ነኝ ያጠፋሁብሽ።»

ማሂራ ተነሳች። ከጎን ካለው ቧንቧ ሻጭ የብረት ሜትር ተውሳ ሮጠች። ስትመለስ እያለከለከች፣ «ዘጠና አምስት» አለች። «ቁመቱ ልክ ነው። ወርዱ ብቻ ነው የበዛው።»

ተቀምጣ በችኮላ ጻፈች። ሥዕሉ በሙሉ ተኮማተረ።

«ምን አደረግሽው?»

«በስኬል አሳነስኩት።»

«አይሆንም! የቁልፉ ቀዳዳም አነሰ፣ ቁመቱም አነሰ። ቀሚስ ሲሰፋ የሚጠበው ከጎኑ ነው። አንገቱ ምን አደረገሽ?»

ማሂራ እጇን ከማውሱ አንስታ አየቻቸው። ከዚያ ከኪቦርዱ አንድ ቁልፍ ተጫነች፤ ሥዕሉ እንደነበረ ተመለሰ።

«ተመለሰ?» እቴቴ ተገረሙ። «መቀስ እንዲህ ያለ ነገር የለውም።»

«ማሽኑም የለውም እቴቴ። መመለስ የሚቻለው እዚህ እያለ ብቻ ነው።» የበሩን የቀኝ ጎን ብቻ በሳጥን ከበበችና አንድ መቶ ሚሊሜትር ወደ ግራ ገፋችው። ስትሬች ይባላል አለች። ቁልፉ ከነቀዳዳው ሳይጠብ አብሮ ሄደ፤ ማጠፊያዎቹ ንቅንቅ አላሉም። ከላይ የተጻፈው ልኬት ራሱ ተቀይሮ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ አለ። ቦንዳው አሁን ከበሩ ግራና ቀኝ ወጣ ብሎ ታየ።

«ይኸው ዘንበል ሊደረግ ነው» አሉ እቴቴ።

ሥዕሉን በፍላሽ ይዘው አብረው ወደ ብረት ቤቱ ሄዱ። ሙናዊር ላሜራውን ማሽኑ ላይ ዘርግቶ ጠብቋል። ፋይሉን ከፍቶ ትናንት ካየው ጋር አስተያየው።

«ወርዱ ለምን ተቀየረ?»

ማሂራ አፏን ስትከፍት እቴቴ ቀደሟት። «የእኔ ጥፋት ነው ሙናዊር። ሜትሬ ጫፍ የለውም። እሷ አታውቅም ነበር።»

«ሳልፈትሽ የሳልኩት እኔ ነኝ» አለች ማሂራ። «ስህተቱን ያገኙት ግን እሳቸው ናቸው። ቦንዳ አስለውኝ።»

«ቦንዳ?»

ነገሩት። ሙናዊር ሥዕሉን ሲያይ ቆየ፤ ጥግ ላይ ቦንዳው በራሱ ሌየር ተደብቋል። አብርቶ አየው፣ መልሶ አጠፋው። ከዚያ ማሽኑን አስነሳ። እቴቴ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው የማሽኑ እሳት መስመሩን ተከትሎ እስኪጨርስ ቆመው አዩ። ሙናዊር የብረት ሜትሩን ዘረጋ፤ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ።

«ሰኞ በጠዋት ነይ» አላት ማሂራን። «ሜትር ግን የራስሽን ግዢ።»

ሰኞ ከሰዓት ማሂራ ወደ ሱቁ ስልክ ደወለች። «እቴቴ፣ ሌላ በር ልስል ነው። ባለቤቱ ፍሪጅ ነው የሚሸጠው።»

እቴቴ ጨርቁን አስቀምጠው መነጽራቸውን አወለቁ። «ስንት ወርድ ያለው ፍሪጅ? ከነካርቶኑ ነው ያለካርቶኑ? ጠይቂውና ደውዪልኝ።»