ፍሬን የሌለው ወንበር

መኪና መንዳት የምታስተምር ሴት መሪ መያዝ ትፈራለች ቢባል ማን ያምናል? ነገሩ ግን እውነት ነው። የዚህች ሴት ሙያ ከሾፌር ጎን መቀመጥ ነው። ለማጁ በግራ መሪውን ጨብጦ፣ እሷ በቀኝ፣ እግሯን ለአስተማሪ ተብላ በተገጠመችው ትንሽ ፍሬን ላይ አሳርፋ። ስንቱን ነርስ፣ ስንቱን ነጋዴ፣ ስንቱን ላብ በላብ የሚሆን ፈሪ መንጃ ፈቃድ አስጨብጣለች። እሷ ራሷ ግን መሪ ከያዘች ዘመናት አልፈዋል። ጠዋት መኪናዋን ከግቢ የሚያወጣት፣ ማታም የሚያስገባት የትምህርት ቤቱ ባለቤት ነው፤ እሷ ወደ ቤቷ የምትሄደው በአውቶቡስ ነው። ተማሪዎቿ "እትዬ ፍሬን" ይሏታል፤ ከኋላዋ ነው እንጂ ፊት ለፊትማ ማን ደፍሮ!

እንግዲህ ይህቺው እትዬ ፍሬን በሰው አገር፣ ጎህ ሲቀድ፣ አየር ማረፊያ ውስጥ ካለ አንድ የመኪና ኪራይ መስኮት ፊት ቆማለች። አውሮፕላን ላይ ቁጭ ብላ ስላነጋች ወለሉ ከእግሯ ሥር ቀስ እያለ የሚፈስ ይመስላታል። በትልቁ መስታወት በኩል የሚታየው ነጭ ጉም ብቻ ነው፤ አውሮፕላኑም መንገዱም ዛፉም ጠፍቷል። አጠገቧ አክስቷ ሻንጣው ላይ ተቀምጠው፣ ጫማቸውን አውልቀው ያበጠ እግራቸውን ያሻሉ።

"አውቶቡስ የለም ነው የምትይኝ?" አሉ አክስቷ።

"ዛሬ እሑድ ነው፣ እቴቴ። ከሰዓት በኋላ ነው የሚነሳው አሉኝ።"

"ሰርጉ ቀትር ላይ ነው እኮ!"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ ምን ይገትርሻል? የከተማውን ሰው ሁሉ ስታስነጂ የኖርሽ አይደለሽም? አንዱን መኪና ያዥና እንሂድ።"

የሚያገባው ወንድሟ ነው። እናታቸው ስትሞት ገና የወተት ጥርሱን ያልጨረሰ ልጅ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ አልብሳ፣ አብልታ፣ ተቆጥታ ያሳደገችው እሷ ናት። እሱም "እታለም" እያለ ቀሚሷን ይዞ አደገ። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ እትዬ ፍሬን ፍሬኗን ሥራ ቦታ ትታው አትገባም። ብስክሌት ልግዛ ሲላት "ትወድቃለህ"፣ ዋና ልማር ሲላት "ውሃ ይወስድሃል"፣ ከጓደኞቼ ጋር ልደር ሲላት "ምን ጎደለብህና!" በዚህ ዓለም ላይ የቀራት እሱ ብቻ ነው፤ ብትፈራ ማን ይፈርድባታል?

እሱ ፈረደባት። መንጃ ፈቃድ ሊፈተን ሲል ያስተማረችው ራሷ ነበረች። አንድ ቀን ጓደኞቹ በተሰበሰቡበት መስቀለኛ መንገድ ላይ አሳምሮ እየነዳ ሳለ እግሯ በገዛ ፈቃዱ ፍሬኑን ረገጠው። መኪናዋ ቀጥ አለች፤ ጓደኞቹ በሳቅ ፈነዱ። እሱ በሩን ከፍቶ መሀል አስፋልት ላይ ወረደና "ዕድሜዬን ሙሉ እግርሽ እኔ ላይ ነው!" ብሏት ሄደ። ብዙም ሳይቆይ አገር ለቀቀ።

ዘንድሮ ደውሎ "ላገባ ነው" ሲላት ምን ማለት ነበረባት? እልል ማለት ነዋ። እሷ ግን "ምነው ቸኮልክ? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" አለችው። ከዚያ "በቃ፣ አትምጪ" ብሎ ዘጋው። "እታለም" አላላትም። አክስቲቱ ሽማግሌ ሆነው ገቡና "እሷ ካልተጠራች እኔም አልመጣም" ቢሉት "እንግዲያው ሁለታችሁም ቅሩ" አላቸው፤ በእልክ ከማን ያንሳል! ስለዚህ ሙሽራው ዛሬ ከወገኑ አንድም ሰው አይጠብቅም። የሙሽሪት ዘመድ በተሰለፈበት አዳራሽ ብቻውን ሊገባ ነው። ይህንን ባሰበች ቁጥር እንቅልፍ ስታጣ፣ አክስቷ "ተነሺ፤ ካባረረሽ እኔ አለሁለት" ብለው ጎትተው አመጧት። ከቀትር በፊት ከደረሰች እህቱ ናት፤ ካለፈ ግን እንግዳ ሆና መቅረቷ ነው። እሷ የሚሰማት እንዲህ ነበር።

በመስኮቱ ውስጥ ያለችው ባለ መነጽር ሴት መንጃ ፈቃዷን ወደ መብራት አዙራ አየችው። ከዚያም ቋንቋው እንዲገባት ብላ፣ ሕፃን እንደምታባብል ሁሉ ቀስ አድርጋ "ሹፌሩ ማን ነው?" አለቻት።

እትዬ ፍሬን ዞር ብላ ከኋላዋ ተማሪ ፈለገች። አንድ ጽዳት ሠራተኛ ባልዲውን እየገፋ ወደ ጉሙ ብርሃን ሲሄድ ከማየቷ በቀር ማንም የለም።

"እኔ" አለች በመጨረሻ። ድምጿ የሌላ ሰው ድምፅ መሰላት።

ባለ መነጽሯ ቁልፉን እየሰጠቻት ብዙ ነገር ነገረቻት፤ በእጇ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ አሳየቻት። እሷም ጆሮዋ የአውሮፕላኑን ጉምጉምታ ገና አልለቀቀም ነበርና ዝም ብላ ራሷን ነቀነቀች።

ሜዳው ላይ መኪኖቹ ጤዛ ለብሰው፣ እንደ ተኛ ከብት ጎን ለጎን ተደርድረዋል። ቁልፉን ስትጫነው ከጉሙ ውስጥ አንዷ ዓይኗን ጨፈን ከፈት አደረገች። ሻንጣውን ጫነች። ከዚያ የዘመናት ልማዷ እየመራ በቀኝ በኩል ያለውን በር አስከፈታት፤ ገባች፤ ተደገፈች። ወንበሩ ለስላሳ ነው። ለማጁ እስኪመጣ ብላ ዓይኗን ጨፈነች። አክስቷም በግራ በኩል ዞረው፣ እያቃሰቱ ገብተው በሩን ዘጉ።

"ነጂው የታለ?" አሉ።

"ይመጣል" አለች፣ ዓይኗን እንደጨፈነች።

"ማነው የሚመጣው?"

ዓይኗን ስትከፍት መሪው ደረቷ ሥር ተገትሯል። ለካ በዚህ አገር መሪ በቀኝ ነው! ባለ መነጽሯ ስታሳያት የነበረው ይህንን ነው። ወደ አስተማሪዋ ወንበር ስትሸሽ የሾፌሩ ወንበር ጠብቆ ያዛት።

"እኔማ እኔ ላይ ልትጥይው ነው ብዬ ደንግጬ ነበር" አሉ አክስቷ፣ ከፊታቸው ያለውን መሪ የሌለበት ቦታ በእጃቸው እየዳበሱ።

እትዬ ፍሬን ልትወርድ በሩን ያዘች። መኪናው ይቅርብኝ፣ ሰርጉም ይቅርብኝ ልትል አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ደግሞ ወንድሟ በሙሽሪት ዘመዶች መሀል ክራባቱን ብቻውን ሲያስተካክል በዓይነ ኅሊናዋ መጣባት። የሱ ክራባት መቼም ቢሆን ወደ ግራ ይጣመማል። በሩን ለቀቀችው። መንዳት የማያውቅን ሰው እንዴት እንደምታስጀምር ታውቃለች፤ ስለዚህ ያንኑ አደረገች።

"ቀበቶ" አለች ጮክ ብላ። "ስፖኪዮ። አሁን እግርሽ ፍሬን ላይ። አይዞሽ። ቀስ ብለሽ ልቀቂው።"

"ከማን ጋር ነው የምታወሪው?" አሉ አክስቷ።

"ከለማጇ ጋር።"

"ጎበዝ ናት?"

"ገና ናት፣ እቴቴ። ገና ናት።"

መኪናዋ ሳትወድ ተንቀሳቀሰች። ከግቢው ሲወጡ ለመታጠፍ ፍሬቻ ላሳይ ብላ በግራ እጇ ብትነካ የዝናብ መጥረጊያው ተነስቶ መስታወቱን ይጠርግ ጀመር፤ ሁሉም ነገር በተቃራኒው ነውና። ከዚያ ወዲያ በታጠፈች ቁጥር መጥረጊያው ተነስቶ ይሰግዳል። መንገዱ ከፊቷ ትንሽ ትንሽ እየተገለጠ ከኋላዋ ተመልሶ ይጠፋል። ከጉሙ የሚወጡት መኪኖች ባልጠበቀችው ወገን መብራታቸውን አብርተው ይመጡና ያለ ድምፅ ያልፏታል። በልቧ "ግራሽን ያዢ፣ ግራሽን ያዢ" ትላለች። ከኋላዋ ጥሩምባ ይነፋል።

"ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል" አሉ አክስቷ። "እኛን ግን እንቁላሉም ቀድሞን ሄደ።"

"ጉሙ ነው፣ እቴቴ።"

"ጉሙስ እየሄደ ነው፤ የቆምነው እኛ ነን። ቀትር እኮ አይጠብቀንም ልጄ።" ይህን ብለው አንገታቸውን ወደ መስኮቱ ጣሉና እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሕልም ነበር እንዳትል ዓይኗ እንደ ተከፈተ ነው፤ እውን ነበር እንዳትልም ሕልም ሕልም አላት። የወንበሩ ሙቀት፣ የመጥረጊያው ዥዋዥዌ፣ የአክስቷ ትንፋሽ። በግራ በኩል፣ በዓይኗ ጠርዝ፣ የተቀመጠው ሰው አክስቷ መሆኑ ቀረ። የትምህርት ቤት ሸሚዙን የለበሰ፣ ጉልበቱ የተላጠ ወንድሟ ሆነ። ዞር ብትል እንደሚጠፋ አውቃለች፤ ስለዚህ አልዞረችም። ልጁ ቅር ያለው አይመስልም። በመስኮቱ በኩል የሚያልፈውን ነጭ ነገር በጣቱ ይከተላል።

"እታለም" አላት፣ "ለምንድነው የማትለቂው?"

ጎንበስ ብላ አላየችም፤ ግን ገባት። ከአየር ማረፊያው ጀምሮ ነዳጅ ሰጥታ ባበቃች ቁጥር እግሯ ተመልሶ ፍሬኑ ላይ ያርፋል። ይህ እግር ሰው ሳይወድቅ ይረግጣል፣ ሰው ሳይስት ይረግጣል። ሲረግጥ ኖሮ ያቆመው ነገር ቢኖር ያንን ልጅ ነው። እሱንም አላቆመውም፤ ወርዶ ሄደባት እንጂ። ዓይኗ በእንባ ተሞላ።

"እግርሽን አንሺ" አለች ለለማጇ።

አነሳች። መኪናዋ ከብዙ ዘመን በኋላ እንደ ተነፈሰ ሰው ቀለል አለቻት። ጉሙም ብዙ አልቆየም፤ እየሳሳ፣ እየተቀደደ ሄደና በአንዱ ጠመዝማዛ ላይ በአንዴ አለቀ። ከታች ባሕሩ ተዘርግቷል፤ ፀሐይ መሀሉ ላይ ወድቃበታለች። አክስቷ ነቅተው ግራ ቀኙን አዩ። "ሞተን ነው እንዴ?" አሉ። "አይ፣ ደርሰን ነው" አለቻቸው።

ከጠቡ በፊት ለአክስቷ በተላከው የጥሪ ካርድ ላይ የተጻፈው የሙሽሪት ቤት ዳገቱ ጫፍ ላይ ነው። አጃቢው ሁሉ ሙሽሪትን ይዞ ወደ አዳራሹ ወርዷል። ሙሽራው በር ላይ ብቻውን ቆሞ፣ ጓደኛው መኪናውን እስኪያዞርለት ጫማውን ጫማውን ያያል። ክራባቱ ወደ ግራ ተጣሟል። ቀና ሲል አንዲት መኪና በጠራራ ፀሐይ ዝናብ መጥረጊያዋን እያወዛወዘች መጥታ ፊቱ ቆመች።

መጀመሪያ ያየው አክስቱን ነው። ቀጥሎ ዓይኑ እሳቸውን አልፎ መሪው ላይ ያሉትን እጆች አገኘ። እነዚያን እጆች የትም ቢሆን ያውቃቸዋል።

"ማነው የነዳው?" አለ።

"በጸሎት የነዳሁት እኔ ነኝ" አሉ አክስቱ። "መሪውን የያዘችው ግን እሷ ናት።"

እትዬ ፍሬን መንገድ ሙሉ ያዘጋጀችው ንግግር ብን ብሎ ጠፋባት። "እንኳን ደስ ያለህ" አለችው። "ያኔም ማለት የነበረብኝ ይህንኑ ነበር።"

ሙሽራው የአክስቱን በር ከፈተ። "እቴቴ፣ ወደ ኋላ ይለፉልኝ።" አክስቲቱ "ሙሽራ ሲያዝ እንቢ አይባል" እያሉ ወረዱ። እሱ ገባና በቦታቸው ተቀመጠ፤ ለጓደኛው ቅደም ብሎ በእጁ አሳየው።

"አዳራሹ ከቁልቁለቱ በታች ነው" አለ፣ ፊት ለፊት እያየ። "ንጂ።"

እሱ በግራ፣ እሷ በቀኝ፤ ልክ እንደ ድሮው። መሪው ብቻ ቦታ ለውጧል። እግሯን አነሳች፤ መኪናዋ ቁልቁል ወረደች። እኩሌታው ላይ ሲደርሱ ከጎን ካለው መንገድ አንድ የዳቦ መኪና አፍንጫውን አወጣ። እሷ ቀድማ አይታዋለች፤ ቀዝቀዝ አድርጋ አሳለፈችው። ከጎኗ ግን ዱብ የሚል ድምፅ ተሰማ።

የወንድሟ እግር ነው። የሚያብረቀርቀው የሰርግ ጫማ የመኪናውን ምንጣፍ ሊበሳው ደርሷል፤ ጉልበቱ ተገትሯል፤ እጁ የበሩን እጀታ አንቆ ይዟል። ሁለቱም ጫማውን አዩት።

"እዚያ ጋ ፍሬን የለም" አለችው ቀስ ብላ።

"አውቃለሁ" አለ። "ፈራሁልሽ እኮ፣ እታለም።"

መንገዱን እያየች፣ እንባዋን ሳትጠርግ ነዳች። እሱም አዳራሹ በር እስኪደርሱ ድረስ እግሩን ከዚያ ባዶ ቦታ ላይ አላነሳም።