ማላቀቂያ

ባሌ ዓለምነው አፉን ካልከፈተ ጨዋ ሰው ነው። እሑድ ግን ከፈተው።

ይኸነው የሚባል፣ እዚሁ ቆሰበር የሚያስተምር ልጅ፣ ልጃችንን የምሥራችን ሊያገባ ሽማግሌ ላከ። እሷም ትወደዋለች፣ እኔም ወድጄዋለሁ፤ ከዚህ በላይ ምን አለ? የቀረው ወጉን ማድረስ ብቻ ነበር።

ጠላው ተቀዳ፣ ቆሎው ቀረበ። የሽማግሌዎቹ መሪ፣ የይኸነው አጎት አቶ አድማሴ፣ «ለመሆኑ ልጅቱ ዩኒቨርሲቲ ምንድን ነው የምትሠራው?» ብለው ጠየቁ።

«መድኃኒት ትቀምማለች» አለ የኔ ጀግና ደረቱን ነፍቶ። «ሁለት ተጣብቀው የሚኖሩትን የሚያለያይ!»

የአቶ አድማሴ ብርጭቆ ከአፋቸው ሳይደርስ ቆመ። «ተጣብቀው ማለት?»

«አንዱ ሌላውን አልለቅም ያለ። መድኃኒቷን መሃላቸው ስታስገባ ይለያያሉ።»

ኧረ ጉድ ፈላ! መድኃኒት መቀመም በኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ ሕፃን ያውቀዋል። ሽማግሌዎቹ በአውኝኛ መንሾካሾክ ያዙ፤ አልሰማም መስሏቸው! እኔ አፌን የፈታሁት በአውኝኛ ነው። «መስተጻልእ ነው እኮ! ባልና ሚስት የምታጣላ ልጅ ቤታችን ልናስገባ?» ይባባላሉ። አንደኛው ጋቢውን ሰብስቦ ተነሣ፤ ሌሎቹም ተከተሉት።

ካፍ ከወጣ አፋፍ፣ ዓለምነውን ምን አደርገዋለሁ? ወደ ጓዳ ጮኽሁ፦ «አንቺ የምሥራች! ነይ ሥራሽን ራስሽ ተናገሪ፤ አባትሽ ባል ሊያሳጣሽ ነው!»

ሳቋን ዋጥ አድርጋ መጣች። «አባባ» አለቻቸው አቶ አድማሴን፣ «የማለያየው ሰው አይደለም፣ ፕሮቲን ነው።»

«ፕሮቲንማ ባቄላ አይደል? ባቄላን ከማን ነው የምታጣይው?»

«ሰውነታችን ውስጥም ብዙ ዓይነት አለ። እማ፣ እስቲ እጄን ያዢኝ፤ ጠበቅ አርጊ።» ያዝኋት። «የእኔ እጅ ከካንሰር የሚጠብቀን ዘበኛ ነው። የእማ እጅ ደግሞ ሌላ ፕሮቲን ነው፤ ዘበኛውን ጨምድዶ ሥራ ያስፈታዋል።» አንዲት ፍሬ ቆሎ አነሣች። «እኔ የምፈልገው ይህችን የመሰለች ትንሽ መድኃኒት ነው። የዚያኛው መዳፍ ላይ ቀድማ ከተቀመጠች፣ ዘበኛውን የሚይዝበት ያጣል።»

«ታዲያ ምኑ ነው የሚከብደው?»

«መዳፉ ለጥ ያለ ነው፤ ትንሽ ነገር አያስቀምጥም። በኮምፒውተር መቀመጫዋን ስፈልግላት ነው የምውለው።»

አቶ አድማሴ አሰቡ፣ አሰቡና ጭናቸውን መታ አደረጉ። «ዘበኛ የምታስፈታ ልጅ ናታ! ምን ቆማችኋል? ተቀመጡ እንጂ!» ጠላቸውን ጨለጡት። «በሉ እንግዲህ፣ ልጃችሁን ለልጃችን።»

«ሰጥተናል!» አለ ዓለምነው። ያን ቀን የተናገረው ደህና ነገር ይኸው ብቻ ነው። ከጓዳ እልልታው ቀለጠ።

እልል ማለት የነበረብኝ እኔ ነበርሁ። ይህን ቀን ስንት ዘመን ስሳልለት ኖሬያለሁ! እኔ ግን እጇን እንደያዝሁ ነኝ።

«እማ» አለችኝ የምሥራች ቀስ ብላ፣ «አለቀ እኮ። ልቀቂኝ።»

«ቆይ» አልኋት።

ሁሉም ወደ እኛ ዞረ። አቶ አድማሴ አንዲት ፍሬ ቆሎ ይዘው ተጠጉና በሳቅ እየተንፈቀፈቁ ጣቶቼን ሊፈለቅቁ ሞከሩ። አልለቅም አልሁ፤ እንባዬ ጉንጬ ላይ ይወርዳል።