በዳማስ የሚለወጥ ጀልባ

ባሌ ሚሳኤል ሰምጦ የወጣ የሞተር ጀልባ በዳማሴ ሊለውጥ እንዳሰበ የነገረኝ ቁርስ ላይ ነው፤ ያውም ፍርፍሩን እያላመጠ፣ ጨው አቀብዪኝ እንደሚል ሰው። ዳማሷ፣ ይቺ ትንሿ መኪናዬ፣ እንጀራዬ ናት። ከመካኒሳ እስከ ሀና ማርያም ላሉ ሱቆችና ምግብ ቤቶች እንቁላል የማከፋፍለው በእሷ ነው። የቤታችን አስቤዛም የልጆቻችን ትምህርት ቤትም ከእሷ ጀርባ ነው የሚወርደው። እሱ ባትላሜራ ነው፤ መካኒሳ አቦ አጠገብ በተከራያት ሼድ ውስጥ የተጨረማመተ መኪና እየቀጠቀጠ ያቃናል። ሲያቃና ከመኖሩ የተነሳ፣ በዓለም ላይ የተሰበረ ነገር ሁሉ እሱን ብቻ የሚጠብቅ ይመስለዋል።

«ዝዋይ ሐይቅ ዳር ነው ያለው» አለኝ። «ባለቤቱ አቶ ዱጉማ ይባላሉ። ማዕበል ገልብጦባቸው ነው፤ አውጥተውታል። ትንሽ ሥራ ነው የሚፈልገው። ደሴቶቹ ላይ ወዳሉት ገዳማት ተሳላሚ እንጭንበታለን።»

«ሞተሩ ውሃ ውስጥ ምን ያህል ቆየ?»

«ይፈታል፣ ይጸዳል።»

«መለዋወጫውስ?»

«ይፈለጋላ።»

«ማን ሊነዳው ነው? አንተ ሶደሬ ስንሄድ እንኳ መዋኛውን በዳር በዳር ነው የምትዞረው።»

«መልመድ ነው።»

«እሺ፣ አንዴ የሰመጠ ነገር ላይ የሰው ልጅ ጭነህ ዳግመኛ ቢሰምጥስ?»

ማላመጡን አቆመ። «አንቺ ደግሞ ሁልጊዜ ሟርት!» ብሎኝ ጃኬቱን አንስቶ ወጣ።

ነደደኝ። መልስ ያጣ ሰው ጥያቄውን ሟርት ሲለው ደሜ ይፈላል። በሬ ሆይ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለው ለሌላ ለማንም አይደለም፣ ለኔ ባል ነው።

ብዙም ሳይቆይ ጀልባው በአይሱዙ ተጭኖ ሀና ማርያም ደጃፋችን ላይ ከች አለ። ማንም አላማከረኝም። ወንዶቹ እየተጯጯኹ አውርደው ግቢያችን መሃል፣ ፊትና ኋላውን አሮጌ ጎማዎች ላይ አስቀመጡት። ልብስ የማሰጣበት ቦታ ጠፋ። ከበር እስከ ኩሽና ለመሄድ እንደ ሌባ በግድግዳ ጥግ መሹለክ ሆነ። ሰፈሩ ደግሞ መቼም ለወሬ አይሰንፍም፤ «ዘነቡ፣ የጥፋት ውሃ ሊመጣ ነው እንዴ? ለኛም ቦታ ያዢልን!» የማይለኝ አልነበረም። እኔ ስቄ አላውቅም።

አቶ ዱጉማ ጨዋ ሰው ናቸው፤ ይህንን አልክድም። የማዕዘኑ ባለሱቅ ጎረቤታችን ጋሽ አብደላ ባሉበት በግልጽ ተናገሩ። «ተዉት፣ እያያችሁ አስቡበት። ከተስማማችሁ ዳማሷን እወስዳለሁ። ካልተስማማችሁ ጀልባዬን እንዳለ እመልሳለሁ» አሉ። ጋሽ አብደላም፣ «እንዳለ ማለት እንዳለ ነው፤ ሰምታችኋል?» ብለው አጸኑት። ሰምተናል አልን።

ከዚያ በኋላ ሚሳኤል ቤት ውስጥ አልኖረም፤ ጀልባው ውስጥ ነው የኖረው። ከሼድ ይመጣና ይወጣበታል፣ ጎኑን ይዳብሳል፣ በጣቱ እየቆረቆረ ጆሮውን ይደቅናል። የኔን ጎን እንደዚያ ዳብሶ አያውቅም። ሆዱ ላይ በስቱኮ የተደፈነና ቀለም የተቀባ ረጅም ስንጥቅ ነበረው። በስቱኮ መድፈንን ደግሞ ከኔ ባል የበለጠ የሚያውቀው የለም። ግጭቱን ደፍኖ፣ አሳምሮ፣ አዲስ ያስመሰለው መኪና ስንት ነው!

«ይሄ ያፈሳል» አልኩት።

«አያፈስም።»

«በምን አወቅህ?»

«አዲስ አበባ ውስጥ ሐይቅ አምጪልኝና ላሳይሽ» አለኝ፤ እየሳቀብኝ።

ሳቁ ነው ያናደደኝ። እኔ ጀሪካን ስገዛ ሱቁ በር ላይ ውሃ ሞልቼ፣ ገልብጬ፣ ቂጡን በእጄ ዳብሼ ነው የምከፍለው። ባልዲም እንደዚያው ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ሲባል ሰምቼ ነው ያደግሁት። «ሐይቅ ምን ያደርጋል? ውሃ ይሞላበት» አልኩት። «ወደ ውጪ ካላፈሰሰ ወደ ውስጥም አያስገባም። ካፈሰሰ ግን ዛሬውኑ አቶ ዱጉማ ጋ ትደውላለህ።»

ሚሳኤል ጀልባውን አየ፣ እኔን አየ፣ ጎማዎቹን አየ። «አንቺ ካልሽ እሺ» አለ። ከኔ ጋር ተከራክሮ የማያውቅ ሰው ይመስል፣ ቱቦውን ራሱ አምጥቶ ከሮቷችን ላይ ገጠመው።

ውሃችን በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ እሱንም ሲያሻው ይዘለናል። ያን ሁሉ ያጠራቀምኩትን የሮቶ ውሃ፣ ከዚያም በርሜሎቹን በባልዲ እየቀዳሁ ጀልባ ሆድ ውስጥ ገለበጥኩ። እልህ ይዞኛል፤ ውሃውም ከፍ ከፍ ይላል። ስንጥቁ ጠብ አላለም። ከመናደዴ የተነሳ አንድ ባልዲ ጨመርኩ።

ያን ጊዜ ነው ከሥሩ ጧ! ያለው። ስቱኮው አልነበረም። ምንም ያልነካው፣ ከጎማዎቹ መሃል ተንጠልጥሎ የነበረው ሆዱ ነው ከዳር እስከ ዳር የተቀደደው። ውሃው ጉልበቴን መትቶኝ፣ ኩሽና ገብቶ፣ የእንቁላል ካርቶኖቼን አንሳፍፎ በበሩ ሥር ወደ መንገድ ወጣ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ እኔን እያናደደ ወሰደኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት አቶ ዱጉማ መጡ። ጋሽ አብደላ መሃል ተቀመጡ። አቶ ዱጉማ ጎንበስ ብለው የጀልባውን ሆድ ሲያዩ ቆዩና ቀና አሉ።

«እህቴ፣ ጀልባ ውሃ የሚችለው ከውጪ ነው። ከውስጥ አይችልም። ያን ሁሉ ክብደት በሁለት ጎማ ላይ ጭናችሁበት!»

«እኔ በምን አውቃለሁ?» ብዬ ጮህኩ። «እንቁላል ነጋዴ ነኝ!»

ጋሽ አብደላ እጃቸውን አነሱ። «ዘነቡ፣ መጮህ ፍርድ አይሆንም። እንዳለ ይመለሳል ተባብለናል። እንዳለ የለም። የሰበረ ይወስዳል፤ ልዋጩን ይሰጣል።»

«ዳማሷን ነው የምፈልገው» አሉ አቶ ዱጉማ። «ልጄ እዚያው ዝዋይ ጋራዥ ሊከፍት ነው። ዕቃ ያመላልስባታል።»

«እሺ፣ ምንም አይደል፤ ጥፋቱ የኛ ነው» አለ ሚሳኤል።

አነጋገሩ እንደተጎዳ ሰው አልነበረም። ፊቱን አየሁት። ጥርሱን ባያሳይም ደስ ብሎታል። እጁን ይዤ ወደ ጓዳ ጎተትኩት።

«ታውቅ ነበር?»

የጓዳውን በር ገርበብ አደረገ።

«ሚሳኤል፣ እንደሚሰበር ታውቅ ነበር ወይ?»

«ሃያ ዓመት የመኪና አካል የቀጠቀጥኩ ሰው፣ ምን ምን እንደሚሸከም ሳላውቅ ቀርቼ ነው?» አለ ወደ መሬት እያየ። «ራስሽ ነሽ ሙላበት ያልሽው።»

«እና ለምን ዝም አልክ?»

«ብነግርሽ ጀልባውን ትመልሺዋለሻ! ሃያ ዓመት የሰው መኪና ሥር ተኝቻለሁ፣ ዘነቡ። ቀለሙ ደረቴን በላው። አንድ የራሴ ነገር ብፈልግ ምን አለበት?»

አሳዘነኝ ልበል? አዎ፣ ለአንዲት ቅጽበት አሳዘነኝ። ቀጥሎ ግን ቱቦውን ሲገጥም፣ እኔ በባልዲ ስገለብጥ እጁን አጣምሮ ቆሞ ሲያየኝ ታወሰኝና አንጀቴ አረረ። ደረቱ ከታመመ ለምን አልነገረኝም? እንጀራዬን በገዛ እጄ እንድሰብር እያየ፣ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ!

ተመልሼ ሁለቱ እንግዶች ፊት ቆምኩ፤ ሚሳኤልም ተከትሎኝ መጥቶ ተቀመጠ።

«አቶ ዱጉማ፣ ልጅዎ ጋራዥ የሚከፍተው በምን መሣሪያ ነው?»

«እሱማ ገና ነው። ዕቃው አልቀመስ ብሏል።»

«እንግዲያው ዳማሷ ትቅርብዎትና የሚሳኤልን ዕቃ ይውሰዱ። ኮምፕረሰር አለ፣ የብየዳ ማሽን አለ፣ ክሪኩ፣ የቀለም መርጫው፣ መዶሻው ሁሉ። ሙሉ ጋራዥ ነው። ከዳማሷ ቢበልጥ እንጂ አያንስም።»

አቶ ዱጉማ ዓይናቸው በራ። ሚሳኤል ግን ከወንበሩ ተነሳ። «ምን ማለትሽ ነው? እሱ እኮ የእጄ ሥራ ነው!»

«ዳማሷም የኔ እጅ ናት። ጀልባ የፈለግከው አንተ ነህ፤ ካንተ ይወጣል። ካልሆነ አሁን ጓዳ ያወራነውን እዚሁ ልንገራቸው?»

ጋሽ አብደላ ወደ እሱ ዞሩ። «ምን አወራችሁ?»

ተመልሶ ተቀመጠ። «ምንም» አለ። «ይሁን። ተስማምቻለሁ።»

ዳማሷን አስነስቼ ሁላችንም መካኒሳ ሄድን። ሼዱን ራሱ ከፈተ። ኮምፕረሰሩን አቶ ዱጉማና የአካባቢው ጎረምሶች ተሸክመው ዳማሷ ላይ ጫኑት፤ እኔ መዶሻዎቹን እየቆጠርኩ አስረከብኩ። ሚሳኤል የበሩን ቁልፍ ይዞ ባዶው ሼድ መሃል ቆመ።

«ዘነቡ፣ ታዲያ ጀልባውን በምን ልጠግነው?»

«ዝም በለው» አልኩት። «ዝም ማለት ትችልበት የለ!»

የዳማሷን በር ዘግቼ መሪውን ያዝኩ። ጋሽ አብደላ ቆመው ባያዩኝ ኖሮ እሱንም ከኮምፕረሰሩ ጋር ደርቤ እጭነው ነበር።